ከአማቴ ጋር ተራራ ለተራራ

ሰኞ፣ ጥቅምት 6

ሦስት ጥንድ ተረከዝ፣ አንድ የቦርሳ ዚፕ፣ አንድ ሶል። ሶሉ የፖስተኛው ነው። በስድስት ወር ሦስተኛው። ይሄ ሰውዬ ደብዳቤ ነው የሚያድለው ወይስ በእግሩ ድንጋይ ይፈጫል?

ለምሳ ቤት ሄድኩ። አማቴ፣ እማማ፣ የምስር ሾርባ ሠርተዋል። እንደ ሁልጊዜው ጨው የለውም። እኔም እንደ ሁልጊዜው «እጅዎ ይባረክ» ብዬ ሁለት ሳህን በላሁ።

ከባለቤቴ ሕመም ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው፣ አራት ዓመቱ። ሐኪሙ ጨው ሲከለክላት ሦስታችንም አብረን ተውነው። እሷ አልጫ እየበላች እኛ ልናጣፍጥ? አይሆንም። ካረፈች ሁለት ዓመት ሆናት። ጨው ግን ወደ ቤታችን አልተመለሰም። እማማ ለምደውታል። ለሰባ አራት ዓመት ሰው ጥሩም ሳይሆን አይቀርም። እኔ ግን... እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ሱቄ መሳቢያ ውስጥ ጨው ያለው ኦቾሎኒ አለኝ። ወደ ቤት ስሄድ አፌን ተጉመጥምጬ ነው። ልክ እንደ ሰካራም።

ዋናው ነገር ይሄ አይደለም። ትናንት የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ደውሎ ነበር። ቤቱን አስፋፍቷል። ለእናቱ መስኮቱ ወደ አትክልቱ የሚያይ ክፍል አዘጋጅቷል። ጥቅምት 20 ቀን መኪና ይዞ ሊወስዳቸው ይመጣል። እማማ ስልኩን ዘግተው ወደ እኔ ዞሩ።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እንደ ፈቀዱ፣ እማማ።»

«እንደ ፈቀድኩ...» አሉና ሽንኩርታቸውን መላጥ ቀጠሉ።

ምን ነካኝ? «አይሂዱብኝ» ማለት ይህን ያህል ይከብዳል? ግን ደግሞ... ልጅ እናቴን ልውሰድ ሲል አማች ምን አፍ አለው? እዚህ ቤት የመጡት ልጃቸውን ለማስታመም ነው። ልጃቸው የለችም። እኔን ብለው ለምን ይቀመጣሉ? በሥጋ እንኳ አንዛመድም።

ረቡዕ፣ ጥቅምት 8

ቁርስ ላይ እማማ «ከመሄዴ በፊት ሸንተረሩን አንዴ ልሂደው» አሉ። ዳቦ ገዝቼ ልምጣ እንደሚል ሰው።

በየዓመቱ እናትና ልጅ ቦርሳ ይሸከሙና አራት ቀን ተራራ ለተራራ ይሄዱ ነበር። ባለቤቴ «ና አብረን» ትለኛለች፣ እኔ «ሱቁ እንዴት ይዘጋል?» እላለሁ። ዐሥራ አምስት ዓመት እንዲህ አልኩ። ሱቁ የተዘጋው ለቀብሯ ነው።

«ብቻዎን ሊሄዱ?»

«ማን አለ?»

«እኔ አለሁ።» ከአፌ አመለጠኝ።

ከእግሬ እስከ ራሴ አዩኝ። «አንተ? ሁለተኛ ፎቅ ስትወጣ እኮ መካከል ላይ ቆመህ ትጸልያለህ።»

ውሸት የለውም። ቢሆንም ቆርጫለሁ። አራት ቀን አለኝ። በአራት ቀን ውስጥ ያቺን አንዲት ነገር መናገር የሚያቅተኝ ከሆነ፣ እንግዲህ ይሂዱ። ይገባኛል።

ለጎረቤቴ ለጸጉር አስተካካዩ ነገርኩት። ምላጩን አስቀመጠና እጁን ራሱ ላይ ጫነ። «ከአማትህ ጋር? አራት ቀን? ሰውዬ፣ እኔ ከአማቴ ጋር አራት ፎቅ በሊፍት ወጥቼ ላብ በላብ ሆኛለሁ!»

ዓርብ፣ ጥቅምት 10

የእማማን ጫማ ጨረስኩ። አዲስ ሶል፣ ድርብ ስፌት፣ ክሩን ሰም ቀባሁት። ከዚህ በኋላ ጫማው ብቻውን ተራራ ይወጣል። ለራሴ ጫማ ጊዜ አልተረፈኝም። ማስቲሽ ቀባሁና ክብደት ጭኜበት ተውኩት። ለደንበኛ እንዲህ ብሠራ አፍራለሁ። ለራሴ ግን... ማን ያየኛል?

የምሸከመው የባለቤቴን ቦርሳ ነው። ሳራግፈው ከጎን ኪሱ የታጠፈ ወረቀት ወጣ። በእጇ ጽሕፈት፦ ካልሲ ሦስት ጥንድ። ክብሪት። የዝናብ ልብስ። የእማ የጉልበት መድኃኒት። ከታች ደግሞ፦ ጠዋት ጠዋት ከእማ ቦርሳ ውሃውን መስረቅ። እንዳታይ!

ሳቅኩ። ከዚያ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አልኩ። ከዚያ እንደገና ሳቅኩ።

እሺ የኔ እመቤት። እሰርቃለሁ።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 11። ከመጀመሪያው ማረፊያ በር ላይ፣ ፀሐይ ሳትገባ

ማለዳ በአውቶቡስ መጣን። እማማ በመስኮት ሲያዩ እጄን ወደ ቦርሳቸው ሰደድኩ። ሁለት ሊትር ውሃ ወደ እኔ ቦርሳ ተዛወረ። ጌታዬ፣ ይቺን ስርቆት አትቁጠርብኝ።

መንገዱ በጥድ መካከል እየተጠማዘዘ ይወጣል። አንድ ሰዓት እንኳ ሳንሄድ ላቤ ከግንባሬ ወደ አፌ ይንጠባጠብ ጀመር። ደግነቱ ጨው አለው።

እማማ ከፊት ናቸው። ትንሽ ስለሆኑ ከኋላ ሲታዩ ቦርሳው እግር አብቅሎ የሚሄድ ይመስላል። አይቸኩሉም፣ አይቆሙም። እኔ እሮጣለሁ፣ እቆማለሁ። እሮጣለሁ፣ እቆማለሁ።

«እማማ፣ ምርኩዝዎን ልያዝልዎ?»

«ምርኩዝ የሽማግሌ ነው። ይሄ ዱላ ነው። ከፈለግክ ላንተ ምርኩዝ እንፈልግልህ።»

ለምሳ ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ዳቦና የተቀቀለ እንቁላል። እማማ ፊታቸውን ወደዚያ አዙረው የመድኃኒት ብልቃጣቸውን አወጡ። የጉልበት መድኃኒት በእንቁላል ነው የሚወሰደው ለካ። እንዳላሳፍራቸው እኔም ፊቴን ወደ ሸለቆው አዞርኩ። ሸለቆው ያምራል። የራሴን እንቁላል አልጫውን ዋጥኩት።

ሦስት ጊዜ ያን ነገር ልናገር አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ ያወራሁት ስለ ደመና ነው።

«ዛሬ ደመናውን ወደድከው» አሉኝ።

እግሬ የኔ አይመስለኝም። ቢሆንም... ደስ ብሎኛል። ለምን እንደሆነ አላውቅም። ዝም ብሎ ደስ ብሎኛል።

እሑድ፣ ጥቅምት 12። ሁለተኛው ማረፊያ

ጉድ ነው የሆንኩት ዛሬ። በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ጠዋት ሸንተረሩ ላይ ወጣን። እንዲህ ያለ ዝምታ አላውቅም ነበር። ሱቅ ውስጥ መዶሻ አለ፣ መንገድ ላይ ጡሩምባ አለ፣ ቤት ውስጥ የምትንጠባጠብ ቧንቧ አለች። እዚህ የራሴ ትንፋሽ ብቻ። በግራ ገደል፣ በቀኝ ገደል፣ መንገዱ በመካከል እንደ ጥሩ የጫማ ስፌት ቀጥ ብሎ ይሄዳል። የሰፋውን ጌታ አመሰገንኩ።

እሑድ ስለሆነ ቆመን ጸለይን። እማማ ጮክ ብለው፣ እኔ በሆዴ። ስለ ልጃቸው ነፍስ ጸለዩ፣ ስለ ወንድ ልጃቸው ቤት ጸለዩ። ከዚያ ስለ እኔ ጤና። ይሄኛው በጣም ረዘመ። ለምን? ምኔን አመመኝ? እኔ አንዲት ነገር ብቻ ለመንኩ። አፍ ስጠኝ።

ከዚያ ቀጥሎ አፍ ያገኘው ጫማዬ ነው። ቁልቁለቱ ላይ የቀኙ ሶል ከፊት ተላቀቀና በየእርምጃው ጧ፣ ጧ ይል ጀመር። ድምፁ እንዳይሰማ በተረከዜ ለመሄድ ሞከርኩ። እማማ ዞር አሉ። ጫማዬን አዩ። ፊቴን አዩ። ከዚያ የሳቁትን ሳቅ... ዱላቸውን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡ። ሆዳቸውን ይዘው፣ እንባቸው እየወረደ። ከቀብሩ ወዲህ እንዲህ ሲስቁ አላየሁም።

«ሠላሳ ዓመት... ሠላሳ ዓመት የሰው ሶል ስትሰፋ...»

«እማማ፣ ይበቃዎታል።»

«ደንበኛ ሆነህ ብትመጣ ራስህን ምን ትለው ነበር?»

«ማን ነው እንዲህ ያበላሸብህ እለው ነበር።»

እንደገና ሳቁ። እኔም አልቻልኩም፣ ተቀምጬ ሳቅኩ።

ማስቲሽ ብዬ ቦርሳዬን ፈተሽኩ። ማስቲሽ የለም። ዳቦዬም የለም። ብርድ ልብሴም የለም! ከመቼ ወዲህ? እማማ ምንም እንዳልሰማ ሰው ቦርሳቸውን ከፈቱና ወስፌና ሰም የተቀባ ክር አወጡ። የራሴን ወስፌ። ከሱቄ።

«ለራስህ በማስቲሽ ስትሠራ በበሩ አይቼሃለሁ። ዓርብ ዕለት።»

ቦርሳቸው ውስጥ ዳቦዬም ብርድ ልብሴም አሉ። ጠዋት ስታጠብ ሰርቀውኛል። እሳቸውም ውሃቸውን ከእኔ ቦርሳ ሲያዩት...

«እሷ ናት ያስተማረችህ?»

ወረቀቱን ሰጠኋቸው። አነበቡ። ደግመው አነበቡ። «የማላውቅ መስሏት እኮ ነው» አሉ። «እኔም የሷን እሰርቅ ነበር። እሷ የኔን ውሃ፣ እኔ የሷን ዳቦ። በመጨረሻ ሁለታችንም የሌላውን ተሸክመን እንወርዳለን።»

ሶሌን እዚያው ድንጋይ ላይ ሰፋሁት። ነፋስ እየነፈሰብኝ፣ እማማ ክሩን እየያዙልኝ። በሕይወቴ ካየኋቸው የሥራ ቦታዎች ሁሉ የሚያምረው እሱ ነው።

ያቺን ነገር ግን ዛሬም አልተናገርኩም። እንዲህ ተሳስቀንም አፌ ተያዘ። ፈሪ ነኝ። እዚህ ብጽፈው ማንም አያየኝም፤ ፈሪ ነኝ። ብናገርና እሺ ባይሉስ? አሁን ቢያንስ «ሳልጠይቃቸው ሄዱ» እላለሁ። ጠይቄያቸው ከሄዱ ግን...

ሰኞ፣ ጥቅምት 13። ሦስተኛው ማረፊያ

እየሳቅኩ ነው የምጽፈው። ወይስ እያለቀስኩ?

ቀኑን ሙሉ ጉም ነበር። የእማማን ቦርሳ ብቻ እያየሁ ሄድኩ። ከሰዓት በኋላ ረጠብን፣ ማረፊያው ደረስን። ጠባቂው «ሻለቃ» ነው የሚባለው። ጦር ሜዳ አይቶ አያውቅም፣ ስሙን ያገኘው በአፉ ነው። «ጫማ ከውጭ! ዱላ ከጥግ! እጅ የታጠበ ብቻ ወደ ገበታ!» እማማ ወደዱት።

ትኩስ የድንች ሾርባ አቀረበልን። ማንኪያዬን ልሰድ ስል እማማ ከእሳቸው ቀመሱ። ዐይናቸው ፈጠጠ። ከዚያ ሳህኔን ከፊቴ መንጨቅ አድርገው ወሰዱት!

«አትቅመስ! ጨው አለው!» ወደ ሻለቃው ዞሩ። «የልጄ ባል ጨው አይሆንለትም። የሱን ያለ ጨው አምጣልን።»

ሻለቃው በኀዘን አየኝ። «ደም ግፊት ነው?»

«ለማን? ለእኔ?» አልኩ። «እኔ ምንም የለብኝም! ጨው የማይበሉት እሳቸው ናቸው።»

«እኔ?» አሉ እማማ።

«እርስዎ ነዎታ።»

«እኔ ላንተ ብዬ ነዋ!»

«እኔ እኮ ለእርስዎ ብዬ...»

ሻለቃው ጭልፋውን እንደያዘ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሳቸውን ያያል።

ቀስ ብለው ነገሩኝ። ባረፈች በሳምንቱ ጨው ሊጨምሩ ማንኪያ አንስተው ነበር። እኔ የማድቤቱ በር ላይ ቆሜ አየኋቸው። «ፊትህ ልክ አልነበረም» አሉ። «‹እሷ ገና ሳምንቷ፣ ጨው አማራቸው› የምትለኝ መሰለኝ። መለስኩት። ከዚያ በኋላም አንተ ጨው አምጡ ብለህ አታውቅም። ታመህ የደበቅከኝ መሰለኝ፤ እንደሷ።»

ያን ቀን አስታውሳለሁ። እንዴት አላስታውስ? በሩ ላይ ቆሜ በልቤ ያልኩት «ተመስገን፣ ጨው ሊገባ ነው» ነበር። ደግሞ በዚህ አፍሬ ፊቴ ተቀያየረ። በኀዘን ሰሞን ሆዴን በማሰቤ። ይህንንም ነገርኳቸው። ኦቾሎኒውንም ተናዘዝኩ።

እማማ ብልቃጣቸውን አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። የጉልበት መድኃኒቱን። ከፈትኩት። ጨው ነው።

«ጉልበቴን ካመመኝ ስንት ጊዜዬ» አሉ።

ሻለቃው ጭልፋውን አስቀመጠ። «እናንተ ሰዎች፣ አንድ ቤት ነው የምትኖሩት? በአንድ ቋንቋ?»

ሳህኔን መለሱልኝ። ሦስት ሳህን በላሁ። እማማ ሦስት ሳህን በሉ። በሦስተኛው ላይ ትንሽ አለቀሱ፣ ማንኪያውን ግን አላስቀመጡም። «ብታየን ምን ትል ነበር?» አሉ። ምን እንደምትል ሁለታችንም እናውቃለን። ትስቅብን ነበር።

አሁን ሻለቃው ጫማ እየቆጠረ ነው። እኔ ደግሞ አንድ ሐሳብ ሰቅዞ ይዞኛል። እሳቸው ዝምታዬን «ታሟል» ብለው ተረጎሙት፤ እኔ ዝምታቸውን «ተስማምቷቸዋል» ብዬ። በጨው እንዲህ ከተሳሳትን... «እንደ ፈቀዱ» ያልኳቸውን ምን ብለው ሰምተውት ይሆን?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 14። በአውቶቡስ ውስጥ፣ ወደ ቤት

ጉም የለም። ጽሕፈቴ የተንጋደደው በመንገዱ ነው።

ዛሬ ቁልቁለት ብቻ ነበር። ድንጋዩ ስለሚያንሸራትት እኔ ከፊት ሆንኩ፣ እማማ አንድ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው ከኋላ። ፊት ለፊት አንተያይም። ይሄ ጠቀመኝ። ዐይናቸውን ካየሁ ስለ ደመና ነበር የማወራው።

«እማማ።»

«በግራህ ድንጋይ አለ።»

«አየሁት። እማማ... አይሂዱብኝ።»

እጃቸው ትከሻዬ ላይ ቆመ። እኔም ቆምኩ። አልዞርኩም።

«አዝነህልኝ ነው?»

«የለም። ለራሴ ነው። ለምሳ ስመጣ ቤቱ ውስጥ ሰው እንዲኖር ስለምፈልግ ነው። እርስዎ እንዲኖሩ። ልጅዎ ክፍል እንዳዘጋጀ አውቃለሁ፣ መብቱም ነው። እኔ ግን ሳልናገር ቢሄዱ...» ከዚህ በላይ አልወጣልኝም።

«እና ‹እንደ ፈቀዱ› ያልከኝ ምንድን ነበር?»

«አክብሮት ነዋ፣ እማማ።»

«ተው እስቲ! አክብሮትህ ሁለት ዓመት አልጫ አበላኝ!» ትከሻዬን በቡጢ መቱኝ። ያማል። «እኔ እኮ ልብሴን ሻንጣ ውስጥ ከትቼ ጨርሻለሁ። በቃኝ ያልከኝ መስሎኝ። ሰውዬው ሌላ ሰው ሊያገባ ይሆናል፣ አሮጊት በቤቱ ምን ይሠራለታል ብዬ...»

«ማንን ነው የማገባው?!»

«እኔ ምን አውቃለሁ! ያቺ ተረከዝ በየሳምንቱ የሚሰበርባት ሴትዮ አለች አይደል።»

ዞርኩ። አለመሳቅ አልተቻለም። ወፎች ከቁጥቋጦው ተነሥተው በረሩ። እሺም እምቢም ሳይሉኝ ግን እጃቸውን መልሰው ትከሻዬ ላይ ጫኑና «ሂድ፣ አውቶቡስ ያመልጠናል» አሉ። ሁለት ሰዓት ሙሉ ልቤ ተንጠልጥሎ ወረድኩ።

ከታች ስልክ ሠራ። ፌርማታው ላይ ቆመው ደወሉ። ጆሮዬን ወደዚያ ጣልኩ።

«ልጄ? ደህና ነኝ... አዎ ወረድን። ስማ፣ አልመጣም... አልታመምኩም! ክፍሉማ ደስ ይላል፣ በክረምት እየመጣሁ እከርምበታለሁ... የለም፣ ማንም አላስገደደኝም። ጠየቀኝ እንጂ... አዎ፣ እሱ። በገዛ አፉ!»

ስልኩን ሰጡኝ።

«ጋሼ፣ አንተ ነህ አትሂጂ ያልካት?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ዙሪያውን እዞር ነበር። «አዎ፣ እኔ ነኝ» አልኩ።

ሳቀ። «አንተ የልብህን ስትናገር መስማት፣ እህቴ በሕይወቷ ሁሉ ያላገኘችው ዕድል! በ20 ግን እመጣለሁ። ለመውሰድ ሳይሆን ይሄን ለማየት።»

አሁን እማማ አጠገቤ ተኝተዋል። ጭንቅላታቸው ትከሻዬ ላይ ነው፣ ያው የመቱት ላይ። ቦርሳቸውን አነሣሁት። ከባድ ነው። ውስጡ ግማሹ የኔ ዕቃ ነው።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 16

ሻንጣው ተከፈተ። ልብሶቹ ወደ ቁም ሣጥኑ ተመለሱ። እኔ ሳነሣ እሳቸው ሲያጥፉ።

ምሳ ጨው ነበረው። በረከት ነው። ትንሽ በዛ... ግን ዝም አልኩ። አራት ዓመት ያልጨመረ እጅ ልኩን ቢረሳ ምን ይገርማል?

ዓርብ፣ ጥቅምት 17

ዛሬም በዛ። ከሱቅ ቧንቧው ሥር አፌን ደቅኜ ጠጣሁ። ጸጉር አስተካካዩ «ኦቾሎኒ ነው?» አለኝ። «ምሳ ነው» አልኩት።

ሰኞ፣ ጥቅምት 20

ሁለት ተረከዝ፣ አንድ ቀበቶ። ጠዋት ሁለቱንም የራሴን ሶሎች አወለቅኩና በድርብ ስፌት ሠራኋቸው። ለሚቀጥለው ጥቅምት ነው። እማማ ቀኑን ከወዲሁ ለሻለቃው አስነግረዋል።

ልጃቸው መጣ። መኪናውን ባዶውን ይዞ። ለምሳ ሦስታችን ተቀመጥን። የምስር ሾርባ ነው። አንድ ማንኪያ ቀመስኩ። ቁና ጨው! ልጃቸውን አየሁት። ዐይኑ እንባ አቅርሯል፣ ውሃውን በአንድ ትንፋሽ ጨልጦ «እጅሽ ይባረክ፣ እማ» አለ። እናቱን እንዴት ብሎ...

ማንኪያዬን አስቀመጥኩ። ልቤ እንደዚያን ቀን ቁልቁለቱ ላይ መታ። ለሾርባ! አይገርምም? ለሾርባ።

«እማማ፣ ጨው በዝቷል» አልኩ።

ፊታቸው በራ። ተነሥተው ወደ ማድቤት ሄዱና ሌላ ድስት ይዘው መጡ፤ ትኩስ፣ ጨው ልክ የሆነ፣ ቀድሞ የተሠራ። የፊተኛውን ከፊታችን አነሡ።

«ከሐሙስ ጀምሮ እኮ ነው የምጠብቅህ» አሉ።